ቤቱን ይዞ የሚጓዝ እንግዳና የሐይቅ ዳር ገበያ

በቀድሞ ዘመን የአገራችን ሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን ጭኖ ሲነሣ ድንኳኑንና ስንቁን ይዞ ይሄድ ስለነበር፣ በየደረሰበት የሰው ቤት ማደሪያ መለመን አያስፈልገውም ነበር። ይሁን እንጂ ሲመሽ የሚሰፍርበትን ቦታ በሁለት ነገር ይመርጥ ነበር፤ እነርሱም ውሃና ሣር ናቸው። እነዚህን ሁለቱን በአጋሰስ ጭኖ መዞር አይቻልምና። በሰፈረበትም ዙሪያ የአገሩ ሰው እንጀራውን፣ እንቁላሉንና ገብሱን ይዞ ስለሚወጣ፣ ነጋዴው በሚያድርበት ስፍራ ትንሽ ገበያ ይቆም ነበር።

ዛሬ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይኸው ነገር በአዲስ መልክ ይታያል። እጅግ ብዙ ሕዝብ አልጋውን፣ ማእድ ቤቱንና መጸዳጃውን በአንድ መኪና ላይ አድርጎ ከአገር ወደ አገር፣ ይልቁንም ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ይጓዛል። እንዲህ ያለው እንግዳ የሆቴል ክፍል አይከራይም፤ ምግብ ቤትም ዘወትር አይገባም። ታዲያ ለነጋዴው ምን ይተውለታል? ይህን ጥያቄ በአንድ ታዋቂ ሐይቅ ምሳሌነት ለመመርመር እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ተሽከርካሪ ቤት ምን ዓይነት ነው?

ለመንገደኛ መኖሪያ የሚሆነው ተሽከርካሪ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የራሱ ሞተር የሌለው፣ በሌላ አውቶሞቢል የሚጎተት ነው፤ ይህም ካራቫን ይባላል። ሁለተኛው የራሱ ሞተርና መሪ ያለው፣ መኪናውና ቤቱ አንድ አካል የሆኑበት ነው፤ ይህም ሞተርሆም ይባላል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ተሽከርካሪ ቤት የምንለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በአውሮፓ የተሽከርካሪ ቤት ፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ራሱ አይሠራም። የመኪና ፋብሪካ ሞተሩን፣ የሾፌሩን ክፍልና ሻንሲውን ብቻ አዘጋጅቶ ይልክለታል፤ ለዚህም አገልግሎት በብዛት የሚታወቀው የፊያት ፋብሪካ ዱካቶ የተባለው መኪና ነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ ማቀዝቀዣውና የውሃው ቧንቧ በሌላ ፋብሪካ ይገጠማል። እያንዳንዱ ዕቃ ከየባለሙያው ፋብሪካ ስለሚገዛ፣ አንድ ተሽከርካሪ ቤት ሲሸጥ ብዙ አቅራቢዎች ይጠቀማሉ።

ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው ግን የዚህን ቤት የአቅም ወሰን ነው። በአውሮፓ ብዙዎቹ ተሽከርካሪ ቤቶች በተራ መንጃ ፈቃድ እንዲነዱ ሲባል ሙሉ ክብደታቸው ከ3,500 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ተደርገው ይሠራሉ። ስለዚህ የሚጫነው ዕቃ ሁሉ በሚዛን ነው። የንጹሕ ውሃው ታንክ ብዙውን ጊዜ 100 ሊትር ያህል ይይዛል። የእጣቢው ውሃ የሚጠራቀምበትም ታንክ ከዚህ ብዙ አይበልጥም። የመጸዳጃው ዕቃ ከመኪናው ጎን እየተጎተተ የሚወጣ ሣጥን ሲሆን፣ የሚይዘው 20 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ምግብ የሚበስለው በሲሊንደር በተሞላ ጋዝ ነው። መብራቱ ከባትሪ ይመጣል፤ ባትሪውም በሚነዳበት ጊዜ፣ በጣሪያው ላይ ባለው የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ወይም ከሰፈሩ በሚገናኝ ኤሌክትሪክ ይሞላል።

ከዚህ እንደምንረዳው ቤቱን ይዞ የሚጓዝ ሰው ከጥቂት ቀን በላይ ራሱን ችሎ ሊቆም አይችልም። ባልና ሚስት ገላቸውን እየታጠቡ፣ ሳሕን እያጠቡ 100 ሊትር ውሃ በጥቂት ቀናት ይጨርሳሉ። ውሃው ሲያልቅ፣ ሣጥኑም ሲሞላ፣ መንገደኛው ወደ አንድ የታወቀ ስፍራ መምጣት ግዴታው ነው። ያ ስፍራ የት ይሁን? የሐይቅ ዳር ንግድ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ከአለንጋ ንግድ የተወለደ ኢንዱስትሪ

የዚህ ኢንዱስትሪ ታሪክ ለነጋዴዎች የሚጥም ነው። በደቡብ ጀርመን ኢዝኒ በምትባል ትንሽ ከተማ የዴትሌፍስ ቤተ ሰብ ከ1832 ዓ.ም. ጀምሮ የአለንጋ ፋብሪካ ነበረው። የቤተ ሰቡ ልጅ አሪስት ዴትሌፍስ የፋብሪካውን ዕቃ እየዞረ ለመሸጥ ረዥም ጊዜ ከቤቱ ይለይ ነበር። እጮኛው ሠዓሊ ነበረችና ሥራዋን ሳታቋርጥ አብራው ለመጓዝ ፈለገች። እርሱም በ1931 ዓ.ም. በአውቶሞቢሉ የሚጎተት ትንሽ ቤት ሠራ፤ ይህም በጀርመን አገር የመጀመሪያው ካራቫን ተብሎ ይቆጠራል። ፈረስና ጋሪ እየቀረ አለንጋ የሚገዛ ሰው ሲያንስ፣ የፋብሪካው ስም ጸንቶ የቆየው በዚሁ በአዲሱ ሥራ ነው። ገበያው ሲለወጥ ነጋዴው አብሮ ሊለወጥ እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ከኢዝኒ ብዙ በማይርቀው በባድ ቫልድዜ ከተማ ደግሞ ኤርቪን ሂመር በ1957 ዓ.ም. ከመሐንዲሱ ከኤሪክ ባኸም ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ካራቫን ሠራ፤ ኋላም ወደ ተሽከርካሪ ቤት ሥራ ተሸጋገረ። ይህ ኩባንያ አድጎ ዴትሌፍስን ጭምር በሥሩ ካጠቃለለ በኋላ፣ በ1919 ሳይሆን በዘመናችን በ2019 ዓ.ም. ቶር ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሽጧል። የቶር ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በኤልክሃርት ከተማ ሲሆን፣ ያ አካባቢ በአሜሪካ የተሽከርካሪ ቤት ፋብሪካዎች የተሰበሰቡበት ነው።

በአሜሪካ አገር ስለ ሰፈሩ የሚነገረው ታሪክም ትምህርት አለው። በ1962 ዓ.ም. በሲያትል ከተማ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ፣ በሞንታና ክፍለ ግዛት በቢሊንግስ ከተማ በኩል ብዙ መንገደኛ ያልፍ ነበር። ዴቭ ድረም የተባለ የዚያ ከተማ ነጋዴ በየሎስቶን ወንዝ ዳር ባለው መሬቱ ላይ የመንገደኞች ሰፈር አቋቋመ። የአንድ ሌሊት ዋጋ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። በዚህ ዋጋ እንግዳው ቦታ፣ ሙቅ ውሃ ያለው መታጠቢያና መጸዳጃ ያገኝ ነበር፤ በአጠገቡም ትንሽ ሱቅ ተከፍቶ ነበር። ኬ.ኦ.ኤ. በሚል ስም የሚታወቀው የሰፈሮች ማኅበር የተጀመረው በዚህ ሁኔታ ነው። ሱቁ ከመጀመሪያው ቀን የሰፈሩ አካል እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

ሦስት መንግሥታት የሚካፈሉት ሐይቅ

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌያችን እንለፍ። የኮንስታንስ ሐይቅ፣ ጀርመኖች ቦደንዜ የሚሉት፣ በጀርመን፣ በስዊስና በኦስትሪያ መካከል ይገኛል። ስፋቱ 536 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ዙሪያው 273 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 173 ኪሎ ሜትር የጀርመን፣ 72 ኪሎ ሜትር የስዊስ፣ 28 ኪሎ ሜትር የኦስትሪያ ነው። የራይን ወንዝ በምሥራቅ በኩል ይገባበታል፤ በምዕራብ በኩልም ይወጣል። ከላይ የጠቀስናቸው የኢዝኒና የባድ ቫልድዜ ፋብሪካዎችም ከዚህ ሐይቅ ብዙ አይርቁም።

በዚህ ሐይቅ ዳር የሚያድር መንገደኛ ሁለት ዓይነት ስፍራ ያገኛል። አንደኛው ካምፒንግ የሚባለው ሙሉ ሰፈር ነው። በመግቢያው ላይ የእንግዶች መቀበያ አለ፤ ቦታዎቹ በቁጥር የተለዩ ናቸው፤ በየቦታው አጠገብም ሰማያዊ ባለሦስት እግር ሶኬት ያለበት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ይቆማል። የውሃ ቧንቧ፣ የእጣቢ መድፊያ፣ የመጸዳጃ ሣጥን ማፍሰሻ፣ የገላና የልብስ ማጠቢያ ቤት ይኖራል። በብዙ ሰፈር ከቀትር በኋላ ለጥቂት ሰዓትና ሌሊት መኪና ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። ሁለተኛው ስፍራ በማዘጋጃ ቤት ወይም በግለሰብ የተዘጋጀ ተራ ማቆሚያ ነው፤ ዋጋው ያነሰ ነው፤ አገልግሎቱም ያነሰ ነው፤ ሒሳቡ ብዙ ጊዜ በመኪና ይከፈላል ማለት ሳይሆን በአውቶማቲክ የክፍያ ሣጥን ይከፈላል።

ከእነዚህ ውጭ በሐይቁ ዳር እንደ ልብ መስፈር አይፈቀድም። በጀርመን አገር ሾፌር ደክሞት እንደ ሆነ ኃይሉ እስኪመለስ በሕዝብ መኪና ማቆሚያ አንድ ሌሊት በመኪናው ውስጥ ቢተኛ ይታለፍለታል። ነገር ግን ወንበርና ጠረጴዛ አውጥቶ፣ ጥላ ዘርግቶ እንደ ቤቱ ሊቀመጥ አይችልም። ደንቡ እንግዳውን ለማስቸገር የወጣ አይደለም። እንግዳው ወደ መድፊያውና ወደ ገበያው እንዲመጣ የሚያደርገው ይኸው ደንብ ነው።

ባለሱቁ ምን ይሸጣል?

ብዙ ሰዎች ተሽከርካሪ ቤት ያለው እንግዳ ለአገሩ ጥቅም የለውም ይላሉ። ማቀዝቀዣውን በከተማው ትልቅ መደብር ሞልቶ ይመጣል፤ ራሱ ያበስላል፤ በራሱ አልጋ ይተኛል፤ ቆሻሻውን ብቻ ጥሎ ይሄዳል ይላሉ። ይህ አባባል በከፊል እውነት ነው። ተሞልቶ የመጣ ማቀዝቀዣ በእርግጥ ለሐይቅ ዳሩ ባለሱቅ ጠላቱ ነው። ነገር ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም።

መንገደኛው ከቤቱ ይዞ ሊመጣ የማይችለው ነገር አለ። የመጀመሪያው በጠዋት የተጋገረ ዳቦ ነው። በጀርመን ሰፈሮች እንግዳው ለነገ ጠዋት ስንት ዳቦ እንደሚፈልግ ማታውኑ በሰፈሩ ሱቅ ያስመዘግባል፤ ባለሱቁም ዝርዝሩን ለዳቦ ቤት ያስተላልፋል፤ ጠዋት ተቀብሎ ያድላል። ለምሳሌ ያህል 40 ተሽከርካሪ ቤት ያለበት ሰፈር እንውሰድ። በእያንዳንዱ 2 ሰዎች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው 2 ትንንሽ ዳቦ ቢያዝዙ፣ በየጠዋቱ 160 ዳቦ ይሸጣል ማለት ነው። ትእዛዙ ማታ ስለሚታወቅ የሚተርፍና የሚደርቅ ዳቦ የለም። ከዳቦው ጋር ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይሄዳል። ዳቦ ሊወስድ የመጣ ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው ጥቂት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው በመንገድ የሚያልቅና የሚሰበር ዕቃ ነው። የጋዝ ሲሊንደር፣ የመጸዳጃ መድኃኒት፣ የውሃ ጎማና መጋጠሚያው፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ አምፖልና ፊውዝ ዘወትር ይፈለጋሉ። በተለይ የጋዙ ጉዳይ ለአስመጪዎች ምሳሌ የሚሆን ነው። በአውሮፓ የየአገሩ የጋዝ ሲሊንደር አፍ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፣ ከአንዱ አገር የመጣ እንግዳ በሌላው አገር ጋዝ ለማስገጠም ማገናኛ ያስፈልገዋል። ይህች ማገናኛ ትንሽ ዕቃ ናት፤ የሌለችበት ሰው ግን ቁርሱን ማብሰል አይችልም። እንዲህ ያለውን ዕቃ አስቀድሞ በመደርደሪያው ያስቀመጠ ባለሱቅ ደንበኛውን ያተርፋል።

ሦስተኛው የአገሩ የራሱ ምርት ነው። በኮንስታንስ ሐይቅ ዙሪያ ፖም፣ ወይን፣ ሽንኩርትና የሐይቅ ዓሣ ይገኛል። እንግዳው ይህን በከተማው መደብር አያገኘውም፤ ቢያገኘውም እንደ ቦታው አይጥመውም። አራተኛው ደግሞ አገልግሎት ነው፤ የልብስ እጥበት፣ የብስክሌት ጥገናና ኪራይ፣ የጀልባ ጉዞ በዚህ ይቆጠራሉ።

ስለዚህ የሐይቅ ዳር ባለሱቅ ከትልቁ መደብር ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይገባውም። የእርሱ ትርፍ መደብሩ ሊሰጥ በማይችለው፣ ማለትም በትኩስነት፣ በቅርበትና በአገሩ ምርት ላይ የቆመ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሸቀጥ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ግን አንድ ነገር ካልተጠበቀ ከንቱ ነው፤ እርሱም የሐይቁ ንጽሕና ነው። እንግዳው ቤቱን ከፋብሪካ ገዝቶታል፤ ዳቦውንም በየትም ሊገዛ ይችላል። ወደዚህ ሐይቅ ያመጣው ውሃው ነው። ውሃው ከተበላሸ መሪውን አዙሮ ወደ ሌላ ሐይቅ ይሄዳል። ሆቴል የሠራ ሰው ሕንፃው ከቦታው ስለማይነቃነቅ ክፉ ዘመንን ታግሦ ያሳልፋል፤ ቤቱ ጎማ ያለው እንግዳ ግን የሚታገሥበት ምክንያት የለውም።

የኮንስታንስ ሐይቅ ይህን አደጋ በእርግጥ አይቶታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዙሪያው ያሉት ከተሞች ሲያድጉ፣ ፍሳሻቸውና የልብስ ሳሙናቸው እጣቢ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር። በሳሙናው ውስጥ ያለው ፎስፌት በውሃ ውስጥ ለሚበቅለው አልጌ እንደ ማዳበሪያ ሆነ። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ በታች ያለውን ውሃ አየር ያሳጣዋል። በሌላ በኩል ይኸው ሐይቅ የብዙ ሕዝብ መጠጥ ነው። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የውሃ ድርጅት ዚፕሊንገን በተባለው ስፍራ ከ60 ሜትር ያህል ጥልቀት ውሃ እየሳበ፣ ሽቱትጋርትን ጨምሮ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ለ4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያድላል።

በ1959 ዓ.ም. የሐይቁ ዳር መንግሥታት ውሃውን በጋራ የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ኮሚሲዮን አቋቋሙ። በዙሪያው የፍሳሽ ማጣሪያዎች በብዙ ገንዘብ ተሠሩ። ጀርመን በ1980 ዓ.ም. በሳሙና ውስጥ የሚገባውን የፎስፌት መጠን ወሰነች፤ ስዊስም በ1986 ዓ.ም. በልብስ ሳሙና ውስጥ ፎስፌት እንዳይገባ ከለከለች። በ1979 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ ደርሶ የነበረው ፎስፈረስ ከብዙ ዓመት ጥረት በኋላ ከ10 ሚሊ ግራም በታች ወረደ። ሐይቁን ያዳነው ትእዛዝ በመጨረሻ የደረሰው በባለሱቁ መደርደሪያ ላይ እንደ ሆነ ነጋዴዎች ሊያስተውሉት ይገባል።

ይህ ማለት ግን ችግሩ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። ፌልሸን የሚባለው የሐይቁ ታዋቂ ዓሣ እጅግ ስላነሰ፣ ከ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ለሦስት ዓመት እንዳይጠመድ ተከልክሏል። ለዚህም ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ውሃው በጣም በመጥራቱ ለዓሣው የሚሆነው ምግብ ማነሱ ነው። ዓሣ አጥማጆች ፎስፈረሱ ጥቂት ከፍ እንዲል ሲጠይቁ፣ የውሃ ድርጅቶች ግን አልተስማሙም። ሌላው ምክንያት ከውጭ የገቡ ፍጥረታት ናቸው። ኳጋ የምትባለው ትንሽ ዛጎል ለበስ በ2016 ዓ.ም. በሐይቁ ውስጥ ተገኘች፤ ከዚያም ወዲህ እየተራባች የዓሣውን ምግብ ትሻማለች፤ የውሃ ቧንቧዎችንም ትደፍናለች። እንዲህ ያለው ፍጥረት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚሻገርበት አንዱ መንገድ ሳይታጠብና ሳይደርቅ የተጓጓዘ ጀልባ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚጓዙ ሰዎች ጀልባቸውንና የውሃ ዕቃቸውን አጥበው እንዲያደርቁ ይመከራሉ። ከመንገደኛው ጋር ገንዘቡ ብቻ አይመጣም።

ድንበርና ጉምሩክ

በኮንስታንስ ሐይቅ ዙሪያ የሚጓዝ ሰው በአንድ ቀን ሦስት አገር ሊያይ ይችላል። ስዊስ ግን የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች በድንበሯ የጉምሩክ ሕግ አለ። ተሞልቶ የመጣው ማቀዝቀዣ እዚህ ላይ ይመረመራል፤ ወደ ስዊስ ያለ ቀረጥ የሚገባው ሥጋ ለአንድ ሰው 1 ኪሎ ግራም ብቻ ነውና። ስዊሶች ደግሞ በተቃራኒው ወደ ጀርመን እየተሻገሩ በርካሽ ይሸምታሉ። ያለ ግብር ይዘው ሊገቡ የሚችሉት ዕቃ ዋጋ እስከ 300 ፍራንክ የነበረው፣ ከጥር 1 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 150 ፍራንክ ዝቅ ተደርጓል። በአንድ ሐይቅ ዳር ያለ የሱቅ ገበያ በጉምሩክ ወሰን ለውጥ ሊሰፋም ሊጠብም እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ከአውሮፓ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር ለሚጓዝ ተሽከርካሪ ቤት ደግሞ ሌላ ሰነድ አለ። ካርኔ ደ ፓሳዥ የሚባለው የመኪና ሰነድ በአውቶሞቢል ክበቦች የሚሰጥ የቀረጥ ዋስትና ነው። መኪናው ወደ አንድ አገር ለጊዜው ገብቶ በተወሰነው ቀን ካልወጣ፣ ዋስትናውን የሰጠው ወገን ቀረጡን እንዲከፍል ይጠየቃል። ለንግድ ናሙናና ለኤግዚቢሽን ዕቃ በተመሳሳይ መንገድ የሚያገለግለው ኤ.ቲ.ኤ. ካርኔ ግን በ1961 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት መሠረት በንግድ ምክር ቤቶች በኩል የሚሰጥ ነው። ሁለቱን ማምታታት በድንበር ላይ ብዙ ቀን ያስጠብቃልና ነጋዴዎች ልዩነቱን ማወቅ ይገባቸዋል።

ለእኛ አገር ምን ይጠቅማል?

በአገራችን ተሽከርካሪ ቤት በብዛት አይታይም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ማስታወቁም ይታወሳል። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ አስመጪው ሊማረው የሚገባው መኪናውን ማስመጣት አይደለም። የሚማረው እንግዳው ከመኪና ይምጣ ከድንኳን፣ በሐይቅ ዳር ሲያድር የሚያስፈልገውን ነገር ማወቅ ነው።

ሐይቅ ግን አለን። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አብያታንና ሻላን እያሳየ ሐዋሳ ይደርሳል፤ ከዚያም ወዲያ አባያና ጫሞ አሉ። በሰሜን ጣናና ሐይቅ፣ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ወንጪ ይገኛሉ። የወንጪ መንደር በ2021 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሏል። በሐዋሳ አሞራ ገደል የሚደረገው የዓሣ ገበያም በቦታው የተጠመደ ትኩስ ዓሣ ምን ያህል እንግዳ እንደሚስብ በራሳችን አገር የሚታይ ማስረጃ ነው።

የአደጋውንም ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። የሐረርን ከተማ ውሃ ያጠጣ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ፣ ለመስኖና ለመጠጥ ከመጠን በላይ ስለ ተቀዳና ደለል ስለ ሞላው፣ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ደረቀ፤ ኋላ ውሃው በከፊል ቢመለስም የጠፋው ዘመን አልተመለሰም። የአብያታ ውሃ ገባሮቹ ለመስኖ በመጠለፋቸውና ለሶዳ አሽ ሥራ በመቀዳቱ ብዙ ሸሽቷል። በጣና ላይ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የታየው የእምቦጭ አረም ዓሣ አጥማጁንና ባለጀልባውን ምን ያህል እንዳስቸገረ ሁሉም ያውቀዋል።

እንግዲህ በሐይቅ ዳር ለመንገደኛ ሰፈር ወረቱን ሊያወጣ የሚያስብ ነጋዴ፣ የሥራውን ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ቢያደርግ ይጠቀማል።

1ኛ. አስቀድሞ የሽንት ቤቱንና የእጣቢውን ማጠራቀሚያ ከሐይቁ አርቆ ይሥራ። ፍሳሹን ማን፣ በስንት ጊዜ፣ ወዴት እንደሚወስደው በጽሑፍ ይዋዋል። ሱቁና መዝናኛው ከዚህ በኋላ ይምጡ።

2ኛ. ንጹሕ ውሃ ከየት እንደሚመጣና ለስንት ሰው እንደሚበቃ ይመርምር። ከላይ በምሳሌነት የጠቀስነው ባለ40 ቦታ ሰፈር ሁሉም በአንድ ቀን ታንኩን ቢሞላ 4,000 ሊትር ይፈልጋል። የእንግዶቹ ውሃ ከገበሬው ድርሻ ተነጥቆ ከመጣ ሰፈሩ ከአገሩ ሰው ጋር ሰላም አያገኝም።

3ኛ. የቦታውን ቁጥር ይወስን፤ ከወሰነውም አያልፍ። በበዓል ቀን ተጨማሪ ሃያ መኪና ማስገባት የዚያን ቀን ገቢ ያበዛል፤ ሣሩንና የውሃውን ዳር ግን ለከርሞ ያጠፋዋል።

4ኛ. ሱቁን ለብቻው ከመያዝ ይልቅ የአካባቢውን ዳቦ ጋጋሪ፣ ባለወተት፣ ዓሣ አጥማጅና አትክልተኛ በውል ያስገባቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ሐይቁን የሚጠብቀው ከሐይቁ የሚጠቀመው ሁሉ ነውና።

5ኛ. አስመጪው የፀሐይ ኃይል መሣሪያ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ጎማና መጋጠሚያ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ጠንካራ ድንኳንና ለፍሳሽ ማጣሪያ የማይጎዳ የመጸዳጃ መድኃኒት ያስብ። አዲስ ዕቃ ለማየት የሚሻም በዱስልዶርፍ ከተማ በየዓመቱ በበጋቸው መጨረሻ የሚደረገውን የካራቫን ትርኢት ሊጎበኝ ይችላል።

የሐይቅ ዳር ሰፈር ንግድ ትርፍ ያለው ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ወረት በባለሱቁ መጋዘን ውስጥ የተቆለፈ አይደለም። በሁሉ ፊት የተገለጠ፣ ማንም ሊያበላሸው የሚችል ውሃ ነው። በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ያሉት ሦስት መንግሥታት የተበላሸውን ለማቃናት ብዙ ዓመትና እጅግ ብዙ ገንዘብ አውጥተዋል። እኛ ዘንድ ብዙዎቹ ሐይቆች ዳራቸው ገና አልተሠራም፤ ስለዚህ ማጠራቀሚያውን ከሱቁ አስቀድሞ መሥራት ዛሬ የሚጠይቀው ወጪ፣ ሐይቁን ኋላ ለማጽዳት ከሚወጣው ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው። በሐይቅ ዳር ቦታ የጠየቁ ነጋዴዎች ፕላናቸውን ለማዘጋጃ ቤት ከማቅረባቸው በፊት ይህን ሒሳብ እንዲሠሩ እናሳስባለን።